ልምምድና ፍተሻ፦ ስለ ቀጥታ ሥርጭት ዝግጅት ስያሜዎች

በኢንተርኔት ከሚተላለፍ የቀጥታ ሥርጭት በፊት የሚደረገውን ዝግጅት ተርጓሚዎች አንዳንዴ «ልምምድ»፣ አንዳንዴ «ሙከራ» ሲሉት እናያለን። ቃላቱን ማደባለቅ ግን ሥራውንም ያጎድላል።

«ልምምድ» የተገኘው «ተለማመደ» ከሚለው ግሥ ነው። ይህም ግሥ የ«ለመደ»ን መካከለኛ ፊደል «መ»ን በመድገም የድርጊቱን ተደጋጋሚነት ያሳያል፤ ባለቤቱም ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። ካሜራና ማይክሮፎን አይለማመዱም፤ ይፈተሻሉ። «ሙከራ» በበኩሉ ውጤቱ አስቀድሞ ያልታወቀ ማናቸውንም ጥረት ስለሚያመለክት ለስያሜነት እጅግ ሰፊ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኢንተርኔት የሚሠራጭ ምስል ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ከጥቂት ሴኮንዶች መዘግየት በኋላ ነው። መዘግየቱን መለካት ፍተሻ ነው፤ የመድረኩ መሪ የተመልካች ጥያቄ እስኪደርሰው ድረስ ሳይደናገር መቆየትን ደጋግሞ መልመዱ ግን ልምምድ ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ «ሙከራ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ባለሙያው መሣሪያውን አይቶ ይሄዳል፤ ተናጋሪው ሳይዘጋጅ ሕዝብ ፊት ይቀርባል።

ስለሆነም ለመሣሪያው «ፍተሻ»፣ ለሰዎቹ «ልምምድ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ሁለቱ ተጣምረው ዝግጅቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲካሄድ «ሙሉ ልምምድ» ይባል፤ በዚህ ጊዜ መሣሪያው የሚታየው በሰዎቹ እጅ ሆኖ ነውና። የመስመር ጭነት እንደ ሰዓቱ ስለሚለያይም፣ «ሙሉ» ለመባል ልምምዱ ሥርጭቱ በሚካሄድበት ቦታ፣ ሰዓትና መስመር መሆን ይገባዋል።