መድኃኒት የተላመዱ ተሐዋስያን በሐኪም ቤት

ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው ጤናውን ፈልጎ ነው። ነገር ግን ለአንድ ደዌ ሊታከም የገባ ሕመምተኛ በተኛበት አልጋ ሳለ ሌላ ተላላፊ በሽታ የሚይዘው ጊዜ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. እንደገለጸው፥ በባለጸጎቹ አገሮች ሐኪም ቤት ከሚተኙት 100 ሕሙማን 7ቱ፥ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን 15ቱ እንዲህ ያለ በሽታ ያገኛቸዋል። በሽታውን የሚያመጡት ተሐዋስያን መድኃኒትን የተላመዱ ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ እጅግ ይከፋል።

ተሐዋስያኑ መድኃኒትን የሚላመዱት እንዴት ነው?

ብዙ ሰዎች «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲሉ እንሰማለን። የሚላመደው ግን ተሐዋሲው እንጂ የሰው ሰውነት አይደለም። በአንድ ቁስል ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ተሐዋስያን መካከል ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒቱ ሲሰጥ ደካሞቹ ያልቃሉ፤ ብርቱዎቹ ግን ስፍራው ተለቆላቸው ይራባሉ። ገበሬ ለስላሳውን አረም ነቅሎ ሥሩ የጠለቀውን ቢተው፥ በሚመጣው ክረምት ማሳው በየትኛው እንደሚሞላ የታወቀ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም ከመጠኑ ያነሰ መድኃኒት መውሰድ ተሐዋስያንን እንደሚያለማምድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 አስጠንቅቆ ነበር።

ሐኪም ቤት ለዚህ የተመቸ ስፍራ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሕሙማኑ ሰውነት ደካማ ነው፤ አንቲባዮቲክ በብዛት ይሰጣል፤ በቀዶ ጥገና ቁስል፥ በሽንት ቱቦና በደም ሥር መርፌ በኩልም ለተሐዋስያን በር ይከፈታል። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያመላልሳቸው ዋናው ነገር ያልታጠበ እጅ ነው።

በአገራችን የታየ ምሳሌ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 እስከ 2017 ስለ አራስ ሕፃናት የደም መመረዝ በሰባት አገሮች ጥናት ሲደረግ፥ በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። በጥናቱ በብዛት የተገኘው ክሌብሲየላ የሚባል ተሐዋሲ ነው። ለአራሶች አስቀድመው የሚሰጡትን አምፒሲሊንንና ጄንታሚሲንን ከዚህ ወገን የሆኑት ተሐዋስያን አብዛኛውን ጊዜ ሲቋቋሙ ተገኝተዋል። ገና ስም ያልወጣለት ሕፃን በዚህ ምክንያት መድኃኒት ሊያጣ ይችላል።

ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ የሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ሌላ ምስክር ነው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. በዚሁ ሆስፒታል ነው። ያልተላመደው ነቀርሳ በ6 ወር ሕክምና ሲድን፥ የተላመደው በዚያን ጊዜ 18 ወርና ከዚያ በላይ፥ ለብዙ ወራትም የዕለት መርፌ ይጠይቅ ነበር፤ መርፌውም የአንዳንዱን ሕመምተኛ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ዛሬ አጭር ሕክምና ቢገኝም፥ በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያሠጋዋል።

ከእኛ ምን ይፈለጋል?

በየካና በአካባቢው የምንኖር ሁላችን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም ወደ ኮተቤ መሄዳችን አይቀርም። ሕመምተኛን መጠየቅ የተከበረ ልማዳችን ነው፤ በጥንቃቄ ሲሆን ግን ይበልጥ ይከበራል። ስለዚህ፦

1ኛ፤ ስንገባም ስንወጣም እጃችንን በውኃና በሳሙና እስከ አንድ ደቂቃ ያህል አዳርሰን እንታጠብ።

2ኛ፤ በሕመምተኛው አልጋ ላይ አንቀመጥ፤ ቁስሉንና የተሰካለትን ቱቦ አንንካ። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ሰላምታውን በሌላ ሰው ይላክ።

3ኛ፤ መስኮት ተከፍቶ ስናገኝ «ብርድ ገባ» ብለን አንዝጋው።

4ኛ፤ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት አንግዛ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አያድነውም። ለጎረቤት የታዘዘውን አንዋስ፤ የእንክብሉንም ዱቄት በቁስል ላይ አንነስንስ።

5ኛ፤ የታዘዘልንን በመጠኑና በሰዓቱ፥ ለታዘዘው ቀን ሁሉ እንውሰድ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ተሐዋስያን በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደ ገደሉ ተገምቷል። አዲስ አንቲባዮቲክ በየዓመቱ እንደ ሰብል የሚታጨድ ነገር አይደለም፤ ያለንን መጠበቅ ይገባናል። መምህራን ይህን ቃል ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ተማሪው ለእናቱ፥ እናቱም ለጎረቤቷ ታደርሰዋለች። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለምን?