ብረቱንስ የት አደረሳችሁት?

ትናንት ከሰዓት ሦስት ልጆች ቢሮዬ መጡ። ከወላይታ ሶዶ ዙሪያ ናቸው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ቀበሌውን ብጠራ ነገ ማሽን ያለው ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። በፌስታል የቋጠሩትን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት፦ አራት ጠገራ ብር፣ አንድ የምኒልክ ብር፣ የተጣመመ ናስ፣ ሁለት የጥይት ቀለህ። ዘመዳቸው ከአዲስ አበባ ባመጣው ዲቴክተር ከማሳ ያወጡት ነው። «ጋሼ፣ ስንት ያወጣል?»

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አልወጣም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብረታ ብረት ነበር፣ ዝገት ብቻ። ለቆራሌው ሸጥነው።»

ለቆራሌው። በኪሎ።

እስካሁን አልበረደልኝም። እግረ መንገዴን በየቻናሉ ስለ «ወርቅ ማሽን» የሚነዛውን ወሬ አንድ በአንድ ልበለው።

1. ጠገራ ብር ላይ 1780 ስለተጻፈ ሚሊዮን አያወጣም። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ ብሩ ላይ ምስሏ ያለው ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት። ከዚያ በኋላ ቪየናም፣ ሮማም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ያንኑ ዓመት ሳይነኩ ሲመቱት ኖረዋል። እጃችሁ ላይ ያለው አያታችሁ ካገቡ በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው (ማዕድኑን ማለቴ ነው)። በኃይለ ሥላሴ ጊዜ 1936 የተጻፈባቸው ሳንቲሞችም እንደዚሁ ናቸው፤ ያው ዓመት እየታተመባቸው ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። ደግሞ እባካችሁ በአመድና በሎሚ አትፈትጓቸው! ትናንት የመጡት አራቱም እንደ አዲስ ድስት ያበሩ ነበር።

2. ማሽኑ አሥር ሜትር አያይም። ሳንቲም የሚያህል ነገር ከሆነ ስንዝር፣ ቢበዛ ከስንዝር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። «አሥር ሜትር ድረስ ወርቅ ብቻ ለይቶ ያያል» የሚላችሁ ሰው ወርቅ የሚያወጣው ከእናንተ ኪስ ነው። ቀይ አፈራችን ራሱ ብረት የበዛበት ስለሆነ ማሽኑ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ በየጩኸቱ የሰው እንሰት ሥር ትቆፍራላችሁ። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ሀብትም የለም፤ በዚህ ላይ ሰዓት አላጠፋም። ደግሞ ወላይታን በዓለም አጥኚዎች ዘንድ ያስጠራው በዳሞታ ተራራ ላይ ያለው ሞቼና ቦራጎ ዋሻ ነው። የ50 ሺህ ዓመት ገደማ የሰው አሻራ የተገኘበት ነው። ዕቃው ግን ባልጩት ነውና ማሽናችሁን እዚያ ይዛችሁ ብትዞሩ ለእሱ አይጮኽም።

3. አሁን ወደ ብረቱ።

ዲቴክተር ላይ ብረትን ዝለል የሚባልበት ማስተካከያ አለ። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አገር የድሮ ገንዘብ ማለት ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ ነው፤ ብረት ለእነሱ የፈረስ ጫማ ምስማር ነው፣ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ብረት ሲያገኝ ዝም እንዲል ይደረጋል። ልጆቹ ብሮቹንም ብረቱንም ያገኙት በመጀመሪያው ቀን ነበር። ከዚያ ዘመድየው «ብረት ጊዜ ይገድላል» ብሎ ዘጋው።

ወላይታ ላይ ግን የድሮ ገንዘብ ብረት ነበር! የወላይታ መንግሥት የሚገበያይበት ማርቹዋ የሚባለው ገንዘብ ከብረት የተሠራ ነው። ጠገራ ብርማ በየአገሩ ገበያ የዞረ እንግዳ ነው፤ የመንም አለ፣ ሱዳንም አለ። የቤቱ ልጅ ማርቹዋው ነው። ማሽኑ እንግዳውን እያስወጣ የቤቱን ልጅ እንዲዘል ተደርጎ ተሞልቷል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ማሽኑን አመኑት።

ከቆራሌው ጋር የሄደው ማርቹዋ ነበር እያልኩ አይደለም። የተሰበረ ማረሻ ሊሆን ይችላል፤ የጦር ጫፍም፣ ወይም የአምና ዶማ። አላየሁትም፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የምኒልኩን ብር ገልብጬ ዓመቱን አነበብኩት፦ ፲፰፻፹፯። ይህ ብር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመታበት ዓመት ነው፣ ፓሪስ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተሸንፈው የተማረኩት፣ የወላይታ መንግሥት ያበቃውም በ1887 ነው። አሁን አስቡት፤ የብረት ገንዘብና ይህ ብር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረው ቢገኙ አንዱ ገንዘብ ሲወጣ ሌላው ሲገባ በዓይን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር። ለዚህም ነው ብረቱ ከብሩ ጋር ነበር ወይስ ራቅ ብሎ፣ ከላይ ነበር ወይስ ከታች ብዬ ደጋግሜ የጠየቅኳቸው።

አንዱ «አብሮ ነበር መሰለኝ» አለ። ሌላው «አይ፣ ራቅ ይላል።» ሦስተኛው ስልኩን ይነካካል።

ብሩን መዝኜ፣ ፎቶ አንስቼ ላስቀምጠው እችላለሁ። ጉድጓዱን ግን መልሼ ልቆፍረው አልችልም። የእንግሊዞቹን ቪዲዮ እያያችሁ ትቀናላችሁ አይደል? እ.ኤ.አ. በ2009 ስታፎርድሻየር ውስጥ አንድ ሰው በዲቴክተር የወርቅ ክምችት አገኘና ጠቆመ፤ ባለሙያዎች ቦታውን በሥርዓት ቆፈሩት፤ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገመተ፤ ሽልማቱን ከባለ ማሳው ጋር ተካፈለ። ቪዲዮው ላይ የማይታያችሁ የመጠቆሙ ክፍል ነው።

4. ሕጉ። (3 ላይ በጣም ቆየሁ።) አዋጅ ቁጥር 209/1992፦ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው። እያረሰ ወይም መሠረት እየቆፈረ ድንገት ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ያሳውቃል፣ ዕቃውን ጠብቆ ያቆያል። ያስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት ያገኛል፣ ያወጣው ወጪም ይተካለታል። አዎ፣ ሽልማት! አዋጁ ላይ አለ።

አሁን ማን ነው የሚያስረክበው በሉኝ። አምና አንድ አባት ከማሳቸው ያገኙትን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በራሳቸው ትራንስፖርት መጡ። የላክኳቸውን ቢሮ ስም አልጠራም። ሦስት ቀን ተመላለሱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ መረከቢያ ቅጽ አልቋል፤ ደብዳቤ ከወረዳ አጽፈው ይምጡ። በአራተኛው ቀን ዕቃውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ስለ ቅርስ ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ግን በዚያው ወር አበል ተከፍሎበት ተካሂዷል፣ በሆቴል። ቆራሌው ደጅ ድረስ ይመጣል፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ፣ ቅጽ ሳይጠይቅ። እኔ በእነዚያ ልጆች ልፍረድ?

5 ይሁን 6፣ ብቻ ይህን አንብቡ፦ ቀለሆቹን አይታችኋል። በግንቦት 1933 ሶዶ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ በዚህ አካባቢ መድፍና ቦምብ የያዘ ብዙ ጦር ነበር። ማሽኑ ያልፈነዳ ቦምብንም እንደ ብር ይጮኽበታል። ከባድ፣ ክብ ወይም ሾጣጣ ነገር ካያችሁ ዶማውን አስቀምጡ፣ ከብቱንም ልጆቹንም አርቁ፣ ፖሊስ ጥሩ። ለፎቶ ብላችሁ አታንሱት።

ዛሬ ጠዋት ቆራሌውን አገኘሁት። ዕቃውን ወዳስረከበበት መጋዘን ከፍሎ ወሰደኝ፤ ከፍሎ ስል እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ የባጃጁንም። ቤቱን የሞላ ቆርቆሮ፣ የብስክሌት ቸርኬ፣ የአልጋ ብረት። ባለቤቱ መኪና ቅዳሜ ይጭናል አለኝ፤ እስከዚያ መፈለግ ትችላለህ፣ የምትወስደውን በኪሎ ትከፍላለህ።

ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት እጀምራለሁ። ጊዜ ያለው ጓንት ይዞ ይምጣ፤ ቦታውን በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። የብረት ብሩሽ የያዘ ግን አይምጣብኝ።