ስፖርት ክፍለ ጊዜ በቆላ ምድር

በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ከክፍለ ጊዜ ሠሌዳው የማይቀር፣ ከሜዳው ግን ብዙ ጊዜ የሚቀር ትምህርት ነው። ተማሪዎች «ስፖርት» ይሉታል። የሒሳብ ምዕራፍ ሲጓተት ወይም ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚወሰደው የእሱ ሰዓት ነው። ሜዳ ሲወጣም አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ኳስ ትወረወርና ጉልበት ያላቸው ወንዶች ልጆች ይከተሏታል፤ ሴቶቹ ዳር ቆመው ያወራሉ፤ አካል ጉዳተኛው፣ ደካማውና ጫማ የሌለው የሌሎቹን ሹራብና ደብተር ይጠብቃሉ። ደወል ሲደወል ትምህርቱ ተሰጥቷል ይባላል።

የትምህርቱ ዓላማ ከዚህ የሰፋ ነው። ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለው ዕድሜ ልጅ መሮጥን፣ መዝለልን፣ መወርወርን፣ መቅለብንና ሚዛን መጠበቅን በሥርዓት የሚይዝበት ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ኳስ መቅለብ ያልተማረ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲደርስ መረብ ኳስ ቢያስተምሩት ኳሷን ይሸሻል። ከዚህ በላይ ተራ መጠበቅ፣ ሕግ ማክበርና ተሸንፎ ሳይጣሉ መውጣት የሚለመዱት በጨዋታ ነው። የትምህርቱ ዒላማ እንግዲህ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ነው። ስፖርተኛ መምረጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ስለሚምታቱ አንዱም በወጉ አይሠራም።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሱዳን ድንበር ባለው የመተማ ቆላ፣ እንደ ሽንፋ ባለ የገጠር ከተማና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ከወላጆች የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ፍየል የሚያግድ፣ ሰሊጥ የሚያርም ልጅ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዓለም ዙሪያ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት 81 በመቶ ያህሉ ይህን አያሟሉም። ከቤቷ ትምህርት ቤት በእግሯ የምትመላለስ የቆላ ልጅ ግን 60 ደቂቃውን ክፍል ሳትገባ ትጨርሰዋለች። ልዩነቱ ያለው በእንቅስቃሴው ዓይነት ላይ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባ መሸከም ወገብን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያደክማል እንጂ ትከሻን አያፍታታም፤ ሚዛን፣ ቅልጥፍና፣ የዓይንና የእጅ ቅንጅት አያስተምርም፤ ጨዋታም አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ31ኛው አንቀጹ ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ጽፎታል፤ ሥራ ደግሞ ጨዋታን አይተካም።

በታሪክ ዘመናዊ ስፖርት ወደ ኢትዮጵያ የገባበት አንዱ ትልቅ በር ትምህርት ቤት ነበር። ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመራው ይድነቃቸው ተሰማ ኳስን የያዘው በተማሪነቱ ነው።  ያ የተማሪዎች ስፖርት ግን የጥቂት ከተሞች ነገር ነበር፤ ድንበር ላይ ያለ የቆላ ልጅ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ማግኘቱም ብርቅ ነበር።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤትን ወደ ገጠር አወረደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ 20 ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ትልቅ ድል ሆኖ ሳለ ሜዳውን በላው፤ ተማሪ ሲበዛ ተጨማሪ ክፍል የሚሠራው ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ነው፤ ባዶ የሚባለው ደግሞ ሜዳው ነው። በመጀመሪያው እርከን፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፣ የሰውነት ማጎልመሻ ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር በአንድ የትምህርት ዓይነት ሥር ተጠቃለለ፤ ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረው አንድ መምህር ስለነበር ሦስቱን እንደ ዝንባሌው ይሰጥ ነበር። መዝፈን የሚወድ አስዘፈነ፤ አንዱንም የማይወድ ሰዓቱን ለንባብ ሰጠው። በ1990 ዓ.ም የወጣው የስፖርት ፖሊሲም ትምህርት ቤትን የስፖርት መሠረት አድርጎ ቢያይም፣ ኳስ የሚገዛው፣ ሜዳ የሚያስከብረው ማን እንደሆነ መልሱ ለየትምህርት ቤቱ አቅም ተተወ። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎታል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቱ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ተብሎ ራሱን ችሏል፤ ሙዚቃና ሥዕልም ወደ ክወናና ዕይታ ጥበባት ሄደዋል።

ስለ ትምህርቱ ጥቅም ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የበቆጂው ሥንታየሁ እሸቱ ነው። በአርሲ በቆጂ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ሆኖ የጀመረው ይህ ሰው ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥኗል። ከአንድ የወረዳ ከተማ ይህን ያህል የኦሊምፒክ ሻምፒዮን መውጣቱን ብዙዎች ለ2,800 ሜትሩ ከፍታ ይሰጡታል። ከፍታማ በሌላውም የኢትዮጵያ ደጋ አለ፤ በየቀኑ በሰዓቱ ሜዳ የሚገኝ መምህር ነው ብርቁ። ይሁንና የበቆጂ ታሪክ ለሽንፋ በቀጥታ አይጠቅምም። በቆላ ረጅም ርቀት ሯጭ መፈለግ የደጋን መስፈሪያ ወደ በረሃ ማውረድ ነው፤ የቆላ ትምህርት ቤት ፈተና ቀነኒሳን ማግኘት ሳይሆን ስልሳ ልጅ በሙቀት ውስጥ ሳይጎዳ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው።

የሥርዓተ ትምህርቱ ማዕቀፍ አዲስ አበባም ሽንፋም ተመሳሳይ ነው፤ ሰማዩና አፈሩ ግን አንድ አይደሉም። የመተማ ቆላ ዝናቡን ከሰኔ እስከ መስከረም ያገኛል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሚውለው በዚህ ነዲድ ውስጥ ነው። አየሩ ከቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ ሲበልጥ ራሱ ሰውነትን ያሞቃል እንጂ አያበርድም፤ የሚቀረው መከላከያ ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በሌለበት ግቢ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ተማሪን ማስሮጥ ትምህርት አይባልም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ደጋ ዘመድ ጋር ከርሞ የተመለሰ ልጅም፣ በአዲስ ምደባ ከደጋ የወረደ መምህርም በአንድ ቀን እኩል ሊሮጡ አይችሉም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሲታይ ጥላ፣ እርጥብ ጨርቅና ውሃ ይቀድማሉ፤ ልጁ መቀባዠር ከጀመረ ጉዳዩ የጤና ጣቢያ ነው።

አፈሩ ሌላ ነገር ነው። የአካባቢው ዋልካ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ የልጅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። በሙቀቱ ምክንያት ስፖርት ወደ ማታ ይዛወር የሚል ሐሳብ ይነሣል። ፀሐይን ብቻ ላየ ሰው ትክክል ይመስላል። ሆኖም ቃላ አዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትጠለለው በዚያው በዋልካ ስንጥቅና በግራር ሥር ሲሆን፣ ለመናከስ የምትወጣው ሲመሽ ነው፤ የወባ ትንኝም እንዲሁ። በመተማና በሑመራ ቆላ ቃላ አዛር ተራ ስጋት ባለመሆኑ የሚያዋጣው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ሰልፍና ሰንደቅ ዓላማ ካበቃ በኋላ ያሉት ሁለት ክፍለ ጊዜያት። እነዚህን ሰዓታት ሒሳብና እንግሊዝኛ ለራሳቸው እንደያዙት ማንም መምህር ያውቃል። ከእነርሱ ላይ አንዱን ማስለቀቅ የርዕሰ መምህሩን ቁርጠኝነት ይጠይቃል።

ሒሳብ ይጎዳል የሚለው ፍርሃት በሌላ አገር ተፈትኗል። በካናዳ ኬቤክ፣ ትሯ ሪቪዬር በተባለ አካባቢ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳምንት 5 ሰዓት የሰውነት ማጎልመሻ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር፤ ሰዓቱ የተቆረጠው ከሌላው ትምህርት ነው። ውጤታቸው ከእኩዮቻቸው አላነሰም፤ እንዲያውም የተሻለበት ነበር። ሽንፋ ኬቤክ አይደለችም፤ የክፍል ብዛቱም የምግቡም ሁኔታ ሌላ ነው። በባዶ ሆድ የመጣ ልጅ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ቁርስ ነው።

ወቅቱን የተከተለ ዓመታዊ ዕቅድ ብዙውን ያቃልላል። መስከረም ጭቃ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ደግሞ ሰሊጥ አጨዳ ስለሆነ ቀሪ ተማሪ ይበዛል። ሩጫና የኳስ ጨዋታ ከኅዳር እስከ ጥር ቢታቀዱ፣ ነዲዱ ሲመጣ የሚዛን፣ የጂምናስቲክና የጥላ ሥር ጨዋታዎች፣ ከእነርሱም ጋር የትምህርቱ የጤና ክፍል ቢሰጥ ይሻላል። ወባ፣ ቃላ አዛር፣ የእባብ ንድፊያና የውሃ ንጽሕና ለዚህ አካባቢ ልጅ የቅርብ ጉዳዮች ናቸው።   

ቁሳቁስ የለም የሚለው ቅሬታ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። የፋብሪካ ኳስ በዋልካና በእሾህ ላይ ብዙ አይቆይም፤ የጨርቅ ኳስ ግን ለመወርወርና ለመቅለብ እንዲያውም ይሻላል፤ ስለማይነጥር ትንሹም ልጅ ይይዘዋል። ለመሰናክልና ለከፍታ ዝላይ ቋሚ በቆላው የሚበቅለው ሽመል አለ፤ ሰሊጥ ከተራገፈ በኋላ ባዶ ጆንያ ለጆንያ ሩጫ ይበቃል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ትግልና የገና ጨዋታ የመምህር መምሪያ ሳይጻፍላቸው ልጆች የሚያውቋቸው ጨዋታዎች ናቸው፤ የአካባቢው የጉሙዝ ብሔረሰብ ልጆች ከቤታቸው የሚያመጡት የቀስት ዒላማ ከሳር በተሠራ ምልክትና ጫፉ በደነዘዘ ቀስት በጥንቃቄ ቢሰጥ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ተራ ይገለብጠዋል፤ ሁልጊዜ ዳር የሚቆመው ልጅ አስተማሪ ይሆናል።

የሴቶቹ ነገር በኳስ ብዛት አይፈታም። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ልጅ ወንዶች ፊት ለመዝለል የምታፍረው በስንፍና አይደለም፤ ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስ የትምህርት ቤቱ ልማድ ሲሆን፣ መታጠቢያና የተለየ መጸዳጃ ሲኖር፣ ጨዋታውም በትንንሽ ቡድን ሲከፈል ትገባለች። በስልሳ ልጅ ክፍል ውስጥ አንድ ጨዋታ ማለት ሃያ ሁለት ተጫዋችና ሠላሳ ስምንት ተመልካች ነው። በስምንት ቡድን የተከፈለ ክፍል ግን ተመልካች የለውም፤ ይህን ለማድረግ ኖራ፣ ፊሽካና የተዘጋጀ መምህር ይበቃሉ።

መምህሩ የሁሉም ማሰሪያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚያስተምረው አብዛኛው ጀነራሊስት ዲፕሎማ (ሁሉንም ትምህርት ለማስተማር የሚሰጥ) ያለው ሲሆን፣ በኮሌጅ ቆይታው የሰውነት ማጎልመሻን በተግባር ያየው ጥቂት ነው። በበረሃ አበል የሚቆይም ሳይቆይ የሚዛወርም አለ፤ አንዱ ያስለመደውን ሌላው እንዳዲስ ይጀምራል። አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያስተሳስሩት የጉድኝት ማዕከላት እዚህ ላይ ይጠቅማሉ፤ በጉድኝቱ ካሉ ትምህርት ቤቶች በሙያው የሠለጠነ አንድ መምህር በተራ ዞሮ ለሌሎቹ በሜዳ ላይ ትምህርት ቢያሳይ፣ አዳራሽ ተቀምጦ ከሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ይበልጣል። ምዘናውም መለወጥ አለበት። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ስንት ሜትር እንደሆነ በወረቀት የሚጠየቅ ልጅ ሜዳውን ሳይረግጥ መቶ ከመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ በመስከረም ያልቻለውን በጥር መቻሉን የሚመዘግብ ቀላል መዝገብ ከዚህ ይሻላል።

የትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር ከጉድኝት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይወጣል። ትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ልጅ መርጦ ሲልክ የተቀሩት ለወራት ሜዳ እንዳይረግጡ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ክፍል ከክፍል የሚገናኝበት፣ ሁሉም ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚገባበት የግቢ ውስጥ ውድድር ለአካባቢው ይበልጥ ይስማማል፤ መጓጓዣም አበልም አይፈልግም። ጨዋታ ከውድድር ውጪም ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቆየው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ የሚከፈት ክፍል ከደብተር በፊት ጨዋታ ቢያስቀድም ልጆቹ ቶሎ ይለማመዳሉ።

ሜዳ በቆላ በራሱ አይቆይም። ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ሳይሰነጠቅ በጥቅምት መጨረሻ ላይ መደልደል፣ የታየውን ስንጥቅ በአፈር መሙላት፣ እሾህና ድንጋይ መልቀም ያስፈልጋል። ለርዝመት ዝላይ ማረፊያ የሚሆነው አሸዋ የሽንፋ ወንዝ ሲጎድል ከዳሩ ይገኛል፤ ጉድጓዱ በወላጅ መምህራን ኅብረት አንድ ቅዳሜ ይቆፈራል፤ በየዓመቱም ክረምት ጎርፍ ሲደፍነው እንደገና ይጠረጋል።