የአገር ሸክላ፦ አሠራሩ፣ ጥቅሙና የሠሪዋ ነገር



ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ ትንሽ ክርክር ነው። የመኝታ ክፍላችን የመጠጥ ውኃ ማስቀመጫ ስላልነበረው አራታችን ገንዘብ አዋጣን። ሦስቱ ጓደኞቼ «ጀሪካን ይገዛ» አሉ። እኔ ብቻዬን «እንስራ ይሻላል» አልኩ። «አንቺ ደግሞ! በዚህ ዘመን እንስራ? ምኑ ነው የሚሻለው?» ተባልኩ። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁም። ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ። አሁን መልሱን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ሸክላ እንዴት ይሠራል?

ማንኛውም አፈር ሸክላ አይሆንም። ሠሪዋ የሚለጠጥና የሚያጣብቅ አፈር ከሚገኝበት ቦታ ቆፍራ፣ ተሸክማ ታመጣለች። አፈሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ይደባለቅበታል። ይህ የሚደረገው ዕቃው ሲደርቅና ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ ነው። ጭቃው በደንብ ከታሸ በኋላ ያለ ማሽን፣ በእጅ ብቻ ቅርጽ ይይዛል። ጥላ ሥር ይደርቃል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ በመጨረሻም በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ይቃጠላል።

የማቃጠሉ ምሥጢር ምንድን ነው? ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ በአፈሩ ውስጥ በኬሚካል የተያዘው ውኃ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ዕቃው ውኃ ቢፈስበትም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። እሳቱ ድንገት ከበረታ ግን ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። የስንት ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ገል ይሆናል ማለት ነው።

2ኛ. ጥቅሙ ምንድን ነው?

እንስራ ውኃ ያቀዘቅዛል። ይህ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከተማርነው ከትነት ጋር የተያያዘ ነው። ሸክላ ዓይን የማይለያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወዛል፤ እንስራው «ያልበዋል» እንደሚባለው ነው። የወጣው ውኃ ለመትነን ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያንንም ሙቀት ከእንስራውና ውስጥ ካለው ውኃ ይወስዳል። ስለዚህ አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ በክረምት ግን ያን ያህል አይሠራም። ፕላስቲክ ውኃ ስለማያሳልፍ ይህ ነገር የለውም። መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት የምንመደብ ሁሉ ይህን በአንድ እንስራና በአንድ ጀሪካን ለተማሪዎች ማሳየት እንችላለን።

የሸክላ ድስትም ለመሞቅ ይዘገያል እንጂ አንዴ ከሞቀ ቶሎ አይበርድም። ሽሮው ከእሳት ወርዶም ሲንተከተክ ያላየ የለም። ምጣድ ደግሞ ምርጥ ምድጃ በሚባለው ዙሪያው በተዘጋ ምድጃ ላይ ሲጣድ፣ በሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው ማገዶ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ያተርፋል።

ሌላው ሲሰበር የሚሆነው ነው። ገል ተወቅጦ ለአዲስ ጭቃ ይሆናል፤ ቢጣልም መሬቱን አይመርዝም። ፕላስቲክ የሚሠራው በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ነው። ሲጣል አይበሰብስም፤ ፀሐይ እየሰባበረው ወደ ደቃቅ ቁርጥራጭ ይለወጣል። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን የከለከለው ችግሩ ስለታየ ነው።

3ኛ. እንከኑስ?

የሸክላን ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብናገር አድልዎ ይሆናል። ሸክላ ይሰበራል። ሲቃጠል ማገዶ ይፈጃል። ባዶውን እንኳ ከባድ ስለሆነ ከሩቅ ምንጭ ውኃ ለምትቀዳ ሴት ጀሪካን ትልቅ እረፍት ነው። እንግዲህ የእኔ አስተያየት ውኃ በጀሪካን ይቀዳ፣ በእንስራ ይቀመጥ የሚል ነው። እንስራው ክዳንና ንጹሕ መጭለፊያ ይኑረው፤ ኩባያ እየነከሩ መጠጣት በሽታ ያመጣል።

4ኛ. ስንገዛ ምን እንይ?

ዕቃውን አንሥታችሁ በጣት ቋ ቋ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ካሰማ የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልተቃጠለ ሊሆን ይችላል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ በጎመን ዘር መታሸት አለበት። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ።

5ኛ. የሠሪዋ ነገር

አሁን ወደ ቀጠርኩት ነገር ልመለስ። ያን ቀን በክርክሩ መሐል አንዷ ጓደኛችን እየሳቀች «የቡዳ እጅ የነካው እንስራማ ክፍላችን አይገባም!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህ ትምህርት ያበቃኝ የጀበናና የምጣድ ገንዘብ ነው። በገበያ ቀን ከጎኗ ስቀመጥ ያየሁትን አልረሳም። እጇን ላለመንካት ሳንቲሙን መሬት ላይ የሚጥሉላት ነበሩ። ያው ሰው ግን በገዛው ጀበና ቡናውን አፍልቶ ይጠጣል! ትምህርት ቤትም አጠገቤ ላለመቀመጥ ቦታ የሚቀይሩ ልጆች ነበሩ፤ አስተማሪው እያየ ዝም ይል ነበር።

አጼ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ቀጨኔ በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ናቸው፤ ዕቃው ይወደዳል፣ ሠሪዋ ትሸሻለች። በአዋጅ ያልጠፋው ስድብ በማን ይጠፋል? በእኔ እምነት በክፍል ውስጥ፣ በአስተማሪ ነው።

ውድ እጩ መምህራን! የአገር ዕቃ መግዛት ጥሩ ነው። ስትገዙ ግን ገንዘቡን በእጇ ስጧት፤ ስሟን ጠይቋት፤ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ አስባችሁ ተከራከሩ። ነገ በምትመደቡበት ቀበሌ የእርሷ ልጅ ከክፍላችሁ መጨረሻ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ታገኙት ይሆናል። እባካችሁ ዝም አትበሉ።

ለክፍላችን ጀሪካን ተገዝቷል። እንስራውን ለእረፍት ስሄድ ከእናቴ ቤት ይዤ እመጣለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት የፈለገ ሁሉ ክፍላችን ብቅ ይበል።

ቸር ይግጠመን!

ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ