ጄኔሬተር በዓይን አይገመትም፦ ለቤትና ለበረት ስንት ኪሎዋት ይበቃል?

ልምድ ያለው የከብት ነጋዴ የበሬውን ዳሌና ጎን ዳስሶ፣ ክብደቱን ከሚዛኑ ብዙም ሳይርቅ ይናገራል። ጄኔሬተር ግን በዓይን አይገመትም። ሆኖም ከሞያሌ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከጋላፊ እስከ መተማ ብዙ ሰው የሚገዛው ጎረቤቱ የገዛውን አይቶ ወይም ሻጩ “ይህ ይበቃሃል” ስላለው ነው። ያነሰ ከሆነ ፓምፑን ማስነሳት ያቅተዋል፤ የበለጠ ከሆነ ደግሞ የንግዱን ትርፍ በነዳጅ ይበላዋል።

ለቁም እንስሳት ነጋዴ መብራት ጠፋ ማለት ቤቱ ጨለመ ማለት ብቻ አይደለም፤ የውሃ ፓምፑም ይቆማል። በቆላ አንድ ከብት በቀን 40 ሊትር ያህል፣ አንድ ፍየል ደግሞ እስከ 5 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። በበረቱ 50 ከብትና 300 ፍየል አሳድሮ መኪና የሚጠብቅ ነጋዴ በቀን 3,500 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የተጠማ እንስሳ መኖም በደንብ አይበላም፤ ይከሳል፤ ገዢው ፊት ሲቀርብ ዋጋው ወርዶ ይገኛል።

ስሌቱ ከፓምፑ ይጀምራል

ሞተር ያለው ዕቃ ሁሉ ሁለት ዓይነት ፍላጎት አለው፤ ሲነሳና ሲሠራ። የውሃ ፓምፕ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ በሥራ ላይ ከሚወስደው ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ይስባል። ማቀዝቀዣም እንዲሁ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን መነሻ ሳይቆጥሩ ነው።

በምሳሌ እንየው። አሥር አምፖል 100 ዋት፣ ቴሌቪዥን 100፣ ስልክ መሙያና ኢንተርኔት 50፣ የቤት ማቀዝቀዣ 150፣ የእንስሳት መድኃኒት ማቀዝቀዣ 100፤ ድምሩ 500 ዋት ነው። የ1.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 1,600 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ሲነሳ በሦስት እጥፍ 4,800 ዋት። ሌላው ሁሉ በርቶ ሳለ ፓምፑ እንዲነሳ ከተፈለገ 5,300 ዋት፣ ማለትም 5.3 ኪሎዋት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የቦታው ከፍታ ይታሰባል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጅግጅጋ ይህ ወደ 19 በመቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ 5.3 ኪሎዋት ለማግኘት በወረቀት ላይ 6.5 ኪሎዋት ያለው ማሽን ይፈለጋል። በርበራና ጅቡቲ ከፍታው ባይኖርም የበጋው ሙቀት ራሱ ኃይል ይቀንሳልና ጥቂት መጨመር ይበጃል።

ሻጩ በኬቪኤ ከተናገረ በ0.8 ማባዛት ነው፤ 8 ኬቪኤ የሚባለው 6.4 ኪሎዋት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል ነው። መታየት ያለበት ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የሚገኘው፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው።

አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት?

ችግሩ ፓምፑ ሲጠፋ ይመጣል። ሌሊት የሚቀረው ሸክም 500 ዋት ብቻ ነው። ለዚህ የ6.5 ኪሎዋት ጄኔሬተር ማስነሳት ሁለት ፍየል ለማጓጓዝ ኢሱዙ እንደ መከራየት ነው። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ ከአቅሙ ሲሶ በታች ተጭኖ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ነዳጁ በደንብ ስለማይቃጠል ጥላሸት ይይዛል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

መፍትሔው ሰፊ ሮቶ መትከል ነው። ትልቁ ጄኔሬተር ቀን ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ተነስቶ ሮቶውን ይሞላል፤ ሌሊት ደግሞ ባለ 2 ኬቪኤ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር መብራቱንና ማቀዝቀዣዎቹን ይይዛል። ሁለት መግዛት ለማይችል፣ መጀመሪያ ፓምፑን ብቻውን ማስነሳትና ሌላውን በኋላ ማብራት የሚያስፈልገውን መጠን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ ከስሌቱ ቢወጣ ይሻላል፤ መብራት በጠፋ ቀን እንጀራው በማገዶ ይጋገር።

እንደ ፒፒአር ያሉ በሽታዎች ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባት የሚያስቀምጥበት በረት ከሆነ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የማቀዝቀዣው በር አይከፈት።

ድንበር የተሻገረ ዕቃ

ኢትዮጵያ በ220 ቮልት፣ ኬንያ በ240 ቮልት ይሠራሉ፤ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ኸርዝ ነው። ከዚያ በመርከብ የመጣ ያገለገለ ጄኔሬተር ዋጋው ቢያማልልም ሰሌዳው መነበብ አለበት። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፓምፕ በ60 ሲነዳ ፍጥነቱ በ20 በመቶ፣ ሸክሙ ደግሞ በ70 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሞተሩም ሊቃጠል ይችላል። ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን የሚገዛም ይወቅ፦ የ9 ኬቪኤው ለአንዱ መስመር የሚሰጠው 3 ኬቪኤ ብቻ ነው።

የሰው ሕይወት

ጄኔሬተር በቤት፣ በመጋዘን ወይም በተዘጋ ቦታ ፈጽሞ አይነሳም። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለው የተኛን ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የጭስ ማውጫው ስለሚግል ከድርቆሽ ክምርና ከነዳጅ ጀሪካን አጠገብ አይቀመጥ።

ሁለት ጫፍ ሶኬት ባለው ገመድ ኃይሉን በግድግዳ ሶኬት መመለስ ደግሞ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን መቀያየሪያ በባለሙያ ማስገጠም የግድ ነው።

ከመክፈል በፊት

የተሻለው ፈተና ፓምፑን ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኝቶ ሻጩ ባለበት ማስነሳት ነው። ከተገዛ በኋላም በወር አንድ ጊዜ ሸክም ጭኖ ግማሽ ሰዓት ማሠራት ያስፈልጋል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 25 ቀን 2023) አብዛኛው ኬንያ በጨለማ ሲዋጥ፣ በናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የአንዱ ተርሚናል መጠባበቂያ ጄኔሬተር አልነሳ ብሎ መንገደኞች በጨለማ ቆመዋል፤ የትራንስፖርት ሚኒስትሩም ይቅርታ ጠይቀዋል። በበረት የቆመ ከብት ግን ይቅርታ አይጠጣም፤ ጄኔሬተሩ መነሳቱ መብራት ሳይጠፋ በፊት ይረጋገጥ።