ጸሐፌ ተውኔትና አናጢ

የእንግሊዝኛ ድርሰት ስናርም በየዓመቱ ከሚደጋገሙብን የፊደል ግድፈቶች አንዱ «ፕሌይራይት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ልጆቻችን ሁለተኛውን ክፍል «ጻፈ» እንደሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ አድርገው ይጽፉታል። አይፈረድባቸውም፤ ድምፁ አንድ ነው፣ በአማርኛም ሰውየውን ጸሐፌ ተውኔት እንለዋለን። ቃሉ ግን የመጣው ከብዕር ሳይሆን ከመጋዝና ከመጥረቢያ ሰፈር ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዊርህታ» ማለት ሠሪ ማለት ነበር። ዛሬ ሥራ ለማለት ከሚያገለግለው «ወርክ» ጋር ሥራቸው አንድ ነው። አናጢውን «ትሬዎዊርህታ»፣ ማለትም ዛፍ ሠሪ፣ ይሉት ነበር። ድምፁ በዘመናት ተለዋውጦ «ራይት» ሆነ። ተማሪን የሚያስመርሩት የማይነበቡት «ጂ» እና «ኤች» የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው፤ በአንድ ወቅት በትግርኛ «ኽ» ስንል እንደምንሰማው ያለ ድምፅ ነበራቸው። ከፊት ያለው «ደብሊው»ም ይነበብ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ሆነ፤ «ካርፔንተር» የሚለው ቃልም በዚያው በር ገባ። ሥሩ ላቲን ሲሆን መጀመሪያ ትርጉሙ ሠረገላ ሠሪ ነበር። የአገሬው ቃል ቦታውን ቢለቅም በሌሎች ቃላት ላይ ተለጥፎ ቀረ፦ የሠረገላ ጎማ ሠሪው «ዊልራይት»፣ መርከብ ሠሪው «ሺፕራይት»። የቤተሰብ ስምም ሆኗል። በ1903 አውሮፕላን ያበረሩት የራይት ወንድማማቾች ስም ይኸው ነው፤ እነሱም ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ።

ወደ ቴአትር የገባው በፌዝ ነው። ቤን ጆንሰን በ1616 በታተሙት አጫጭር ግጥሞቹ «ፕሌይራይት» እያለ ይሳለቃል፤ ተውኔትን እንደ ወንበር ገጣጥሞ የሚያቀርብ ሰው ለማለት። እሱ ራሱን የሚቆጥረው ባለቅኔ አድርጎ ነበር። (ይህ ሰው በወጣትነቱ የእንጀራ አባቱን ሙያ ይዞ ጡብ ይደረድር እንደነበር ልብ ይሏል!) ስድቡ ውሎ አድሮ የሙያ መጠሪያ ሆነ።

የእጅ ሙያን መናቅ ለእኛም ባዕድ አይደለም። «ልጄን አናጢ ልታደርጉት ነው ወይ?» የሚል ወላጅ አሁንም ይገጥመናል። «አናጢ» የሚለው ቃላችን ግን የመጣው ገነባ ማለት ከሆነው ከግእዙ «ሐነጸ» ነው፤ «ሕንፃ»ም የዚያው ግሥ ልጅ ነው።