የቲማቲም ሥር ከዱር ዘመድ

ያው ማሳ ዓመት ከዓመት ቲማቲም ሲመላለስበት ችግሩ ከቅጠል ወደ ሥር ይወርዳል። አጠውላጊ ባክቴሪያ፣ ፉዛሪየም የተባለው ሻጋታና ሥር የሚያሳብጠው ኔማቶድ አፈር ውስጥ ይከርማሉ፤ ቅጠል ላይ የሚረጭ ኬሚካል አይደርስባቸውም። ገበያ የሚወደውን ዝርያ በሌላ ጠንካራ ሥር ላይ ቆርጦ መቀጠል (ግራፍት ማድረግ) የተፈለገው ለዚህ ነው።

በአትክልት ላይ ቀድመው የሠሩበት ጃፓኖች ናቸው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሐብሐብ በፉዛሪየም ሲደርቅባቸው በዱባ ሥር ላይ ቀጠሉት፤ ደበርጃንና ቲማቲም በኋላ ተከተሉ። ምዕራባውያን በብዛት የገቡበት ደግሞ አፈር ማምከኛው ሜቲል ብሮማይድ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል እንዲቀር ከተወሰነ ወዲህ ነው።

ዛሬ ብዙ የሚሸጠው ሥር የለማው ቲማቲምና የኢኳዶርና የፔሩ ተራሮች የዱር ዘመዱ፣ ሶላነም ሃብሮካይተስ፣ ድቅል ነው። ሥሩ ጥልቅና ብርቱ ስለሆነ ውኃና ማዳበሪያን አሟጦ ይስባል። ውኃ በሚተኛበት ማሳ ግን ደበርጃን ይሻላል፤ ታይዋን የሚገኘው የዓለም የአትክልት ማዕከል ኢጂ203 የተባለውን የደበርጃን ዝርያ ለጎርፍና ለአጠውላጊ ባክቴሪያ ይመክራል። ኔማቶድን የሚከላከለው ኤምአይ የተባለ ዘረመል የመጣውም ከፔሩ የዱር ቲማቲም ነው። ደካማ ጎኑ የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ መክሸፉ ነው፤ ለቆላ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዱር ዘመድ ሁሉ ግን አይታመንም። አስተናግርም የቲማቲም ወገን ነው፣ ይጣበቃልም። መርዙ የሚሠራው ግን ሥሩ ውስጥ ስለሆነ ወደ ፍሬው ይወጣል፤ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ቲማቲም የበሉ ሰዎች ተመርዘዋል።

አሠራሩ አቮካዶን ግራፍት ከማድረግ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግንዳቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የደረሰ እኩያ ችግኞች በሰያፍ ተቆርጠው በትንሽ የሲሊኮን መቆንጠጫ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ብርሃኑ በደበዘዘ፣ እርጥበቱ 90 በመቶ ገደማ በሆነ ስፍራ ሳምንት ያህል ይቆያሉ። የሚሞተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ችግኝ ሁለት ዘርና የእጅ ሥራ ስለሚወጣ ዋጋው ይንራል፤ አንዳንዶች ተክሉን በሁለት ግንድ አሳድገው የችግኙን ቁጥር በመቀነስ ያካክሱታል።

በእኔ ግምት ጤነኛ አፈርና ተለዋጭ ማሳ ያለው ገበሬ ይህን ወጪ ባያወጣ ይሻለዋል። ቱታ የተባለው ትል ላስቸገረውም መፍትሔ አይሆንም፤ ትሉ የሚበላው ቅጠሉንና ፍሬውን ነውና። አፈሩ ለታመመበት ግን ያዋጣል። የሚተክል ሰው አፈር ሲያስታቅፍ መጋጠሚያውን እንዳይቀብር፤ ከተቀበረ የላይኛው ተክል የራሱን ሥር ይሰድና በሽታው በዚያው ይገባል።